ሜትር፣ ማንኪያና ገበጣ፦ ወሎ ላይ ሆኖ ክብደትን፣ ገበታንና ጨዋታን ለዕድሜ ጤና ማስተካከል

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ዕቃ ትንሽ ነው፤ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ አንድ ደብተር፣ የሻይ ማንኪያ፣ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ። ሚዛን ቤት ውስጥ ባይኖር ጤና ጣቢያ ጎራ ብሎ ወይም መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው ለሚቀመጡት ልጆች ጥቂት ብር ከፍሎ በወር አንዴ መመዘን ይቻላል። አምስተኛው ነገር ግን በገንዘብ አይገኝም፤ አብሯችሁ የሚጫወት ሰው ነው።

የብዙዎቻችን ልማድ ከምግብ መጀመር ነው። «ከዛሬ ጀምሮ እንጀራ አቁሜያለሁ» ብሎ መማል፣ ሁለት ሳምንት መራብ፣ ከዚያ አንድ ሠርግ ላይ ሁሉንም መርሳት። እኔ የማቀርበው ቅደም ተከተል ሌላ ነው፤ መጀመሪያ ልኬት፣ ቀጥሎ ጨዋታ፣ ከዚያ ስኳርና ዘይት፣ ሰሃኑ በመጨረሻ። ጨዋታን ያስቀደምኩት ክብደት ስለሚቀንስ አይደለም፤ በዚያ በኩል የሚሰጠው ጥቂት ነው። ግን ሰው ደስ ያለውን ነገር ሳይጎተጉቱት ይመለስበታል፤ ሌላው ለውጥ ሁሉ የሚንጠለጠለው እዚያ ላይ ነው።

ደረጃ 1፦ ከሚዛን በፊት ወገብን ለኩ

ጠዋት ቁርስ ሳትበሉ ቁሙ። ጋቢውን አውልቁ፣ መቀነቱን ፍቱ፣ ሽርጡንም ላላ አድርጉት። በጎናችሁ በኩል የመጨረሻውን የጎድን አጥንት በጣት ፈልጉ፣ ከዚያ የዳሌ አጥንት ጫፍን። ሜትሩ የሚያልፈው በሁለቱ መካከል ነው። ሆድን ሳትስቡ፣ ትንፋሽን በተለመደው መንገድ አውጥታችሁ አንብቡት። ሱሪ የሚታሰርበት ቦታ ልክ አይደለም፤ ቦርጭ ያለው ሰው ሱሪውን ከቦርጩ ሥር ስለሚያስር ቁጥሩ ያታልለዋል።

አሁን ቁመታችሁን ለሁለት አካፍሉ። ወገባችሁ ከዚያ በታች ከሆነ መልካም፤ ከበለጠ ሥራ አለ። ቁመቱ 165 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሰው ወገቡ ከ82 ባያልፍ ይመረጣል።

ወገብን ያስቀደምንበት ምክንያት አለ። ስብ ሁሉ እኩል አይጎዳም። ዳሌና ጭን ላይ ያለው ብዙም አይረብሽም። በሆድ ዕቃ መካከል፣ በጉበትና በአንጀት ዙሪያ የሚከማቸው ግን ቅባቱን ወደ ደም እየለቀቀ ጉበትን ይጫናል፣ ኢንሱሊን የተባለው ሆርሞንም ሥራው እንዲከብደው ያደርጋል። ስኳርና የደም ግፊት ተያይዘው የሚመጡት አንዱ በዚህ በኩል ነው። እጅና እግሩ ቀጭን ሆኖ ሆዱ ብቻ የወጣ ሰው ሚዛን ላይ «ደህና ነህ» ቢባልም ሜትሩ አይምረውም።

ክብደትንም መዝግቡ። ኪሎውን ለቁመት በሜትር ሁለት ጊዜ ማካፈል ነው። ምሳሌ፦ 78 ኪሎ፣ ቁመት 1.65። 78 ለ1.65፣ የመጣውን እንደገና ለ1.65 ስታካፍሉ 28.7 ገደማ ይሆናል። ለአዋቂ ከ18.5 እስከ 24.9 ያለው ጤናማ ይባላል፣ ከ25 በላይ ከልክ ያለፈ፣ ከ30 በላይ ደግሞ ውፍረት የሚባለው ነው። ነፍሰ ጡርና ልጅ በዚህ አይለኩም።

ይህ ሰው 65 ኪሎ እስኪደርስ መሰቃየት የለበትም። በአሜሪካ የተካሄደና ውጤቱ በ2002 (እ.ኤ.አ.) የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት፣ ደማቸው ውስጥ ያለው ስኳር ከፍ ብሎ በሽታው ገና ያልጀመራቸውን ሰዎች ተከትሎ ነበር። ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ በተደረጉት ላይ የስኳር በሽታ የመጣው፣ ባዶ ክኒን ከተሰጣቸው ጋር ሲነጻጸር 58 በመቶ ቀንሶ ነው። ለ78 ኪሎው ሰው 7 በመቶ ማለት አምስት ኪሎ ተኩል ነው። በስድስት ወር ቢወርድ ማንም «ምን ነካህ?» አይለውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። እኛ ዘንድ «ወፍረሃል፣ አምሮብሃል» ማለት ምርቃት ነው፤ «ከስተሻል» ማለት ደግሞ ሐዘኔታ። የ66ንና የ77ን ድርቅ ያየ አገር እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም። ክሳትም እውነተኛ በሽታ ነው። ከ18.5 በታች የሆነች ወጣት፣ ጥርሳቸው አልቆ ምግብ የቀነሱ አያት፣ እነሱ የሚፈልጉት መጨመር እንጂ መቀነስ አይደለም። አንድ ቤት ውስጥ ቦርጫም አባትና የከሱ አያት ከአንድ ትሪ ይበላሉ፤ ለሁሉም አንድ ትእዛዝ መስጠት አይሠራም።

ደረጃ 2፦ ጨዋታችሁን ምረጡ

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፤ ጡንቻ የሚያጠነክር ነገር ደግሞ ቢያንስ ሁለት ቀን። ለልጆች ከ5 እስከ 17 ዓመት በቀን 60 ደቂቃ። «መካከለኛ» ምን ያህል ነው? እየተንቀሳቀሳችሁ መናገር ትችላላችሁ፣ መዝፈን ግን ትንፋሽ ያጥራችኋል። መዝፈን ከቻላችሁ ቀስ ብላችኋል ማለት ነው፤ መናገርም ካቃታችሁ ጠንክሮባችኋል።

ስፖርት ቤት መግባት የግድ አይደለም። ሦስት ዓይነት ጨዋታ ምረጡ፤ አንድ ላብ የሚያወጣ፣ አንድ የሚያሳስብ፣ አንድ እጅን ሥራ የሚያስይዝ።

ላብ የሚያወጣው ለወሎ ሰው ቅርብ ነው። የወሎ ጭፈራ ትከሻን፣ አንገትን፣ ጉልበትን አንድ ላይ ያሠራል። በሩን ዘግታችሁ፣ ሦስት ዘፈን አከታትላችሁ ብትጨፍሩ አሥራ አምስት ደቂቃ ያልፋል፤ በሳምንት አሥር ጊዜ ቢሆን 150 ሞላ። ክረምት ላይ ደሴ በጉም ተሸፍና ደጅ መውጣት ሲያስጠላ ከዚህ የተሻለ አማራጭ አላውቅም። ላሊበላ ላይ አሸንድዬ፣ ቆቦ ላይ ሶለል ሲመጣ ልጃገረዶቹ ከነሐሴ 16 ጀምሮ ቀኑን ሙሉ ሲጨፍሩ ማንም «እንቅስቃሴ እየሠሩ ነው» አይልም፤ ግን ልባቸው እየሠራ ነው። መንዙማ ላይ ቆሞ እያጨበጨቡ መወዛወዝም አምልኮ ስለሆነ ስፖርት ብዬ አልጠራውም፤ ሰውነት ግን ድርሻውን ይወስዳል።

መራመድ ለሚወዱ የደሴ ዳገት ብቻውን በቂ ነው። ከተማዋ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ከኮምቦልቻ ለሚመጣ ሰው ትንፋሹ ቶሎ ያጥረዋል፣ አይደንግጥ። የጦሳን ተራራ ለመውጣት ያሰበ በመጀመሪያው ሳምንት እስከ ግማሽ ድረስ ሄዶ ይመለስ። ሲወርዱ እርምጃ አሳጥሩ፣ ጉልበትን ትንሽ አጠፍ አድርጉ፤ ጉልበት የሚጎዳው ሲወጡ ሳይሆን ሲወርዱ ነው።

የእሁድ ኳስ ለብቻው መታየት አለበት። ስድስት ቀን ቢሮ ወይም ባንኮኒ ኋላ ተቀምጦ ሰባተኛው ቀን ሆጤ ሜዳ ላይ እንደ ሃያ ዓመት ልጅ መሮጥ ጅማት ይበጥሳል፤ ልቡ ላይ የተደበቀ ችግር ያለበትን ደግሞ ከዚያ የከፋ ያገኘዋል። ከአርባ በላይ ከሆናችሁና ካቆማችሁ ዓመታት ካለፉ ግፊታችሁን ተለኩ፣ ለአንድ ወር በእግር መሄድ ጀምሩ፣ ከዚያ ኳሱ ይደርሳል። ስትሮጡ ደረት የሚጨመድድ ሕመም ወይም ራስ የሚያዞር ነገር ከመጣ ጨዋታው እዚያው ያበቃል፤ ሐኪም ሳያይ አይቀጥልም።

ለሁሉም ሰው «ተንቀሳቀስ» ማለት ግን ትክክል አይደለም። ከምንጭ ውሃ ተሸክማ ዳገት ለምትወጣ፣ እንጨት ለምትለቅምና እንጀራ ለምትጋግር እናት «ስፖርት ሥሪ» ማለት ስላቅ ነው። እሷ ያጣችው እረፍትና ሳቅ ነው። ጀሪካኑን ሌላ ሰው ይሸከምላትና እሷ ቁጭ ብላ ትጫወት።

የሚያሳስበው ጨዋታ ገበጣ፣ ዳማ፣ ቼዝ፣ እንቆቅልሽ፣ ማንበብ ነው። ኒውዮርክ ብሮንክስ ውስጥ ዕድሜያቸው ከ75 በላይ የሆኑ 469 ሰዎችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት በ2003 (እ.ኤ.አ.) ወጥቶ ነበር። የሚያነቡ፣ እንደ ዳማና ቼዝ ያሉ ጨዋታዎችን የሚጫወቱ፣ የሙዚቃ መሣሪያ የሚነኩና የሚጨፍሩ ሰዎች የመርሳት በሽታ የደረሰባቸው ባነሰ መጠን ነበር። ይህ ጨዋታው ብቻውን አዳናቸው ማለት አይደለም፤ አእምሮው መድከም የጀመረ ሰው ጨዋታን ቀድሞ ይተዋልና ነገሩ በተቃራኒውም ሊታይ ይችላል። ቢሆንም ገበጣ የሚያስከፍለው ነገር የለም። ጠጠሩን ሳይነኩ በዓይን እየቆጠሩ የት እንደሚያልቅ መገመት ከባድ የሒሳብ ሥራ ነው፤ ሽማግሌዎቹን ከልጅ ልጆቻቸው ጋር አጫውቷቸው፣ ማን እንደሚያሸንፍ ታያላችሁ። ብቻ በየዙሩ ተነሱ፤ ሁለት ሰዓት ሳይነሱ መቀመጥ ለእግር የደም ዝውውር ጥሩ አይደለም። የውርርድ ቤት ግን በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም፤ እንቅልፍ የሚያሳጣ ነገር ጨዋታ አይባልም።

ለእጅ ክራር መማር ይቻላል። ቅኝቶቹ ባቲና አምባሰል የአገራችንን ስም ይዘው እኛ አለመሞከራችን ያስቆጫል። ወይም ደግሞ ጓሮ ውስጥ ሁለት መደብ ጎመን መትከል፤ መቆፈሩ ጡንቻ ያሠራል፣ ጎመኑ ገበታ ላይ ይመጣል።

ደረጃ 3፦ ሲኒው ውስጥ ያለውን ቁጠሩ

ለአንድ ሳምንት ምንም ሳትለውጡ የስኳር ማንኪያውን ብቻ ደብተር ላይ ጻፉ። አብዛኛው ሰው የሚደነግጠው እዚህ ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ይይዛል። በአንድ ሲኒ ሁለት ማንኪያ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲጠጣ ስድስት ማንኪያ፤ ቡናው በቀን ሁለቴ ከተፈላ አሥራ ሁለት። ይህ 48 ግራም ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከዚህ አይለፍ የሚለው መጠን ወደ 50 ግራም ሲሆን፣ ቢቻል ከ25 በታች ይሁን ይላል። ገና ሻይ አልተጠጣም፣ ለስላሳም አልተከፈተም።

ቡናውን አትተዉ። ጎረቤት የሚገናኝበት፣ የከፋው የሚተነፍስበት ሰዓት ነው፤ ያንን የሚተካ መድኃኒት የለም። ስኳሩን ግን በየሁለት ሳምንቱ በግማሽ ማንኪያ ዝቅ አድርጉ፤ ምላስ ይለምዳል። አንድ ጊዜ ቆርጦ ማቆም ብዙውን ጊዜ በሦስተኛው ቀን ይፈርሳል።

ቡና በጨው የምትጠጡ የገጠር ሰዎች ደግሞ ስኳር ስላልጨመራችሁ አመለጣችሁ ማለት አይደለም። በቀን የሚበቃው ጨው ከ5 ግራም በታች፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው፤ ያም የወጡን፣ የሽሮውንና የሚጥሚጣውን ጨምሮ። ግፊት ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ካለ መጀመሪያ የሚቀነሰው የቡናው ጨው ነው። ለወጥ የሚገባው ደግሞ አዮዲን ያለበት ይሁን።

ሌላው ጉዳይ ሰዓቱ ነው። ምግብ እንደተበላ ቡና ወይም ሻይ መጠጣት ከምግቡ የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ያግዳል። ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናትና ደም ማነስ ያለበት ሰው አንድ ሰዓት ያህል ይቆዩ።

ደረጃ 4፦ ዘይት በሃይላንድ

ዘይት የሚገዛው በባለ 5 ሊትር ጀሪካን ስለሆነ ማን ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም። አንድ ጀሪካን ለአምስት ሰው በወር ካለቀ፣ ለእያንዳንዱ በቀን ከሁለት የሾርባ ማንኪያ በላይ፣ ወደ 270 ካሎሪ ይደርሳል። ያንን በእግር ለማቃጠል አንድ ሰዓት ያህል ፈጠን ብሎ መሄድ ያስፈልጋል። ጨዋታ ብቻውን ኪሎ አያወርድም ያልኩት ለዚህ ነው።

የምታደርጉት ቀላል ነው። በሳምንት የምትጨርሱትን መጠን እወቁ፣ ከዚያ ሩብ ቀንሱና በሃይላንድ ቀድታችሁ ኩሽና አስቀምጡ። ጀሪካኑ ከዓይን ይራቅ። ሽንኩርቱን በትንሽ ውሃ እያቁላላችሁ ዘይቱን በኋላ ጨምሩ፤ ወጡ ላይ ቀይ ዘይት ካልተንሳፈፈ አልተሠራም የሚል ሰው ቤት ካለ ለመጀመሪያው ሳምንት አትንገሩት። የሚረጋው የፓልም ዘይት ለልብ አይመከርም፤ ሱፍ፣ ኑግ ወይም ሰሊጥ ከተገኘ ያ ይሻላል፣ ዋጋው ቢጨምርም መጠኑ ስለቀነሰ ይካካሳል።

ደረጃ 5፦ ትሪው ላይ

እንጀራን ጠላት ማድረግ ስሕተት ነው። ጤፍም ሆነ የቃሉ፣ የባቲና የቆቦ ማሽላ ከነቅርፊቱ የሚፈጭ እህል ነው፤ ቃጫው ሆድ ይሞላል። ሊጡ መቡካቱ ደግሞ በእህሉ ውስጥ ያለውን ብረት ለሰውነት ያቀርበዋል። ችግሩ መጠኑና አብሮት የሚቀርበው ነው።

ከአንድ ትሪ ስንበላ የበላነውን አናይም። ስለዚህ መሃል ላይ የሚፈሰውን ቀይሩ፤ የጎመኑና የቀይ ሥሩ ክምር ከወጡ ክምር ይብለጥ። አንድ ፍሬ ቃሪያ፣ የቲማቲም ሰላጣ ከሎሚ ጋር ይኑር፤ በውስጣቸው ያለው ቫይታሚን ሲ ከምስርና ከጤፍ የሚመጣውን ብረት እንዲገባ ይረዳል። የመጀመሪያዎቹ አምስት ጉርሻዎች ከጎመኑ ይሁኑ። ከዚያ ያለው በራሱ ይቀንሳል።

ጥራጥሬን በቀን አንዴ አታጓድሉ፦ ምስር፣ ሽምብራ፣ አተር፣ ባቄላ። ሽሮ፣ እልበት፣ ስልጆ፣ አሹቅ ሁሉም እዚህ ይገባሉ። እህልና ጥራጥሬ አንዱ የሌላውን ጎዶሎ ስለሚሞላ ሽሮ በእንጀራ ሥጋ ላጣ ሰው ደህና የፕሮቲን ምንጭ ነው። ሐይቅ ቅርብ ለሆነላችሁ የሐይቁ ቆሮሶ ዓሣ አለ፤ ዘይት ውስጥ ጠልቆ ከሚጠበሰው ይልቅ ወጥ ሆኖ ቢሠራ ይመረጣል። ከቆላው ወደ ደሴ የሚወጣው ፓፓያና ማንጎ በወቅቱ ርካሽ ሲሆን ግዙ፣ ጭማቂ ሳታደርጉ ብሉት። ጭማቂ ቤት ውስጥ ሦስት ፍሬ በአንድ ብርጭቆ ይጠጣል፤ ቃጫው በማጥለያው ይቀራል፣ ስኳርም ይጨመርበታል።

የከሱት አያት ደግሞ ከዚሁ ኩሽና የተለየ ይሥራላቸው። ወፍራም የአጃ አጥሚት በወተት፣ እንቁላል፣ ተልባ፣ በሶ በማር፤ ሲርባቸው ሳይሆን በየሦስት ሰዓቱ በትንሽ በትንሹ። ዘይትም ለእሳቸው አይቀነስም።

እንግድነት ስትሄዱ «አፈር ስሆን» መባሉ አይቀርም። እምቢ ማለት ነውር ነው፣ እሺ ማለትም ወገብ ያሰፋል። መፍትሔው ቀስ ብሎ መብላት ነው፤ ባለቤቷ የምትጨምረው ያለቀበት ፊት ላይ ነው።

ደረጃ 6፦ ጾምና ፍስክ

ወሎ ውስጥ አንዱ ቤት ሲጾም ጎረቤቱ ይፈስካል፣ ተጋብተው በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለቱም የሚኖሩበት ቤትም ብዙ ነው። ጾም በራሱ ክብደት አይጨምርም፤ የሚጨምረው ማካካሻው ነው። የዐቢይ ጾም ላይ ድንች፣ ቦንቦሊኖና ፓስታ በዘይት ከበዛ ጾመኛው ወፍሮ ይወጣል። ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ለረጅም ጊዜ የማይነካ ሰው ደግሞ ቫይታሚን ቢ12 ሊያንሰው ይችላል፤ እጅና እግር የሚደነዝዝ ከሆነ ይህንን ለሐኪም መንገር ይገባል።

ረመዳን ላይ ማፍጠሪያው በተምርና በውሃ ይጀመር፣ ሾርባ ይከተል፣ ሳምቡሳው ሁለት ላይ ይቁም። ከተራዊህ (ከረመዳን የሌሊት ሶላት) በፊት ግማሽ፣ በኋላ ግማሽ መብላት ለሆድ ይቀላል። ሱሁር (ጎህ ሳይቀድ የሚበላው) አይዘለል፤ ባቄላ ወይም እንቁላል ያለበት ይሁን።

የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው፣ በተለይ ኢንሱሊን፣ ጾሙ ሳይገባ ቀደም ብሎ ሐኪሙን ያማክር። መድኃኒቱን በራስ ግምት መቀነስም ሆነ በባዶ ሆድ መውሰድ ሁለቱም አደጋ ናቸው።

ደረጃ 7፦ በርጫና እንቅልፍ

ጫት ረሃብን ያጠፋል፤ ለዚህ «ያከሳል» ተብሎ የሚወደስበት ጊዜ አለ። ግፊትንና የልብ ምትን ከፍ እንደሚያደርግ፣ እንቅልፍ እንደሚያባርር፣ ከጎኑ ደግሞ ለስላሳና ስኳር የበዛበት ሻይ እንደማይጠፋ አብሮ ይቆጠር። ምሳ ሳይበላ ተቅሞ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ የሚበላው እራት ወገብ ላይ ይቀራል። ማቆም ከከበደ ቀኖቹን ማሳነስ፣ ምሳን አስቀድሞ መብላትና በማታ አለመቃም ይቻላል። ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ግን መደራደሪያ የለውም። እንቅልፍ ለአዋቂ ሰባት ሰዓት ያህል ያስፈልጋል፤ ያነሰው ሰው በማግስቱ ጣፋጭና ቅባት እንደሚያምረው ራሱ ያውቀዋል።

ደረጃ 8፦ ከሦስት ወር በኋላ

በዚያው ሜትር፣ በዚያው ቦታ፣ ጠዋት ለኩ። ግፊትንና የደም ስኳርን ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ተመርመሩ። ውጤቱ ከሦስት አንዱ ይሆናል።

ወገቡ ቀንሶ ኪሎው ብዙም ካልተነቃነቀ ጥሩ ላይ ናችሁ፤ ከሆድ ስብ ወጥቶ ጡንቻ ገብቶ ሊሆን ይችላል፣ ቀጥሉ። ሁለቱም ካልተነቃነቁ ጨዋታውን አትንኩ፣ ወደ ደረጃ 3ና 4 ተመለሱና ለአንድ ሳምንት እንደገና ጻፉ፤ ብዙውን ጊዜ ስኳሩ ወይም ዘይቱ ሳይታወቅ ተመልሷል። ግፊቱ ወይም ስኳሩ ወርዶ ኪሎው ባለበት ቢሆንም ትርፍ ነው፤ መንቀሳቀስ ሚዛኑ ሳይነቃነቅም ሁለቱን ሊያወርድ ይችላል።

ሦስተኛው ኪሎው በፍጥነት ከወረደ ነው። በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ መቀነስ ይበቃል። ምንም ሳትለፉ ከክብደታችሁ 5 በመቶ ያህል በስድስት ወር ወይም በአንድ ዓመት ውስጥ ከጠፋ፣ ወይም ከክሳቱ ጋር ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል፣ ወይም የሌሊት ላብ፣ ወይም የማይረካ ጥማትና ቶሎ ቶሎ ሽንት ካለ፣ «አማረብሽ» የሚለውን አትስሙ። ደብተሩን ይዛችሁ በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ የቲቢ፣ የደም ስኳርና የኤችአይቪ ምርመራ እዚያው እንዲደረግላችሁ ጠይቁ፣ የጻፋችኋቸውንም ቁጥሮች ለሐኪሙ አሳዩ።